ሥራሽን ሳትለቂ ጀምሪው፦ በ44 ዓመቷ ነርስ መሆን ለምትፈልገው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «44 ዓመቴ ነው፣ ቢሮ ውስጥ 18 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ነርስ መሆን እመኝ ነበር፣ ሥራ ለቅቄ ብማር ዘግይቻለሁ ወይ? ቤተሰብ አበደች እያለኝ ነው» ብለሻል። ከሥር መልስ ከሰጡሽ ሰዎች ግማሾቹ «ዕድሜ ቁጥር ነው» ብለው ልብ ለጥፈው ሄደዋል። ግማሾቹ ደግሞ «ልጆችሽን አሳድጊ» ብለውሻል። ሁለቱም አይረቡሽም። የእኔ ነርሲንግ ሳይሆን ልብስ ስፌት ነው፤ ከሒሳብ ክፍል ወንበር ተነስቼ ነው የገባሁበት። ቢሆንም መንገዱ አንድ ነው፣ የእኔን ታሪክ የጻፍሽው ነው የመሰለኝ። ረጅም ስለሚሆን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ዘግይተሻል ወይ ለሚለው። አልዘገየሽም። ይሄን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ በማራቶን ወርቅ ሲያመጣ 36 ዓመቱ ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ ሲጨምር ደግሞ 40 ሞልቶታል። ሰው ይሄን ሲያወራ የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ማሞ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይም ሮጧል፣ ያውም በ800 እና በ1,500 ሜትር። ርቀቱን ነው የቀየረው እንጂ እግሩን አልጣለም። ይሄን ያዢልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወረቀት ለሚወዱ ደግሞ፦ በአሜሪካ ድርጅት የመሠረቱ ሰዎችን መዝገብ ይዘው ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። በጣም በፍጥነት ያደጉት ድርጅቶች መሥራቾች ሲጀምሩ አማካይ ዕድሜያቸው 45 ነበር። የ20 ዓመት ጎረምሳ ነው ሁሉን የሚያደርገው የሚባለው ወሬ ነው። እዚያው ጥናት ላይ፣ በዚያው ዘርፍ ቀድሞ መሥራት የስኬት ዕድልን በደንብ ከፍ እንደሚያደርግ ተጽፏል።

2. «ጭንቅላቴ አይቀበልም» የሚለው ፍርሃት። አልጻፍሽውም፣ ግን እንዳለብሽ አውቃለሁ። አዲስ ነገር በፍጥነት የመቅለብ ችሎታ ከወጣትነት በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። የቃላት ሀብትና የተጠራቀመ ዕውቀት ግን እስከ 60ዎቹ ድረስ መጨመሩን አያቆምም። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሸምድዶ መግባት ለልጆቹ ተይላቸው። አንቺ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አንብቢ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግመሽ ራስሽን ጠይቂ፣ እንቅልፍሽን ደግሞ አታጓድይ።

ማንም የማይነግርሽ ነገር ግን ዓይን ነው። እኔ ስጀምር መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። ክሩን በምላሴ አርጥቤ፣ ጫፉን በመቀስ ቆርጬ፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ክንዴን እያራቅኩ እያቀረብኩ እታገላለሁ። ክሩ ደግሞ በቀዳዳው ጎን ሾልኮ ያልፋል። አጠገቤ ያለችው ልጅ ሳታይ አስገብታ ሰፍታ ጨርሳለች። «ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም» ብዬ ማታ አልቅሻለሁ። ለካ ነገሩ ተሰጥኦ አይደለም። ከ40 በኋላ የዓይን ሌንስ መለጠጥ እያቃተው ስለሚሄድ የቅርቡን ማየት ለሁሉም ሰው ይከብዳል። ተመርምሬ የማንበቢያ መነጽር አደረግኩ፣ በቃ። አንቺም የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍና የሲሪንጅ መስመር ልታነቢ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት ዓይንሽን ታዪ። ከዚያ በኋላ ጎበዝ ነኝ ሰነፍ ነኝ የሚለውን ትፈርጃለሽ።

3. ሥራሽን አትልቀቂ። ቢያንስ አሁን። እዚህ ላይ ነው ብዙ የምለው ያለኝ።

እኔ ሥራዬን እንደያዝኩ በማታ ልማር ብዬ አንድ ማሠልጠኛ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ምዝገባ ክፍል መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ተመዝጋቢዋ ራሷ ትምጣ» አለችኝ። ተመዝጋቢዋ እኔ ነኝ አልኳት። ያኔ ቀና አለች። አየችኝ፣ ወደ ጓደኛዋ ዞረች፣ ሁለቱም ሳቁ። ቀጥላ የ12ኛ ክፍል ዋናውን ወረቀት አምጪ አለች፤ አመጣሁ። ወረቀቱን ገልብጣ ገልብጣ «ይሄ የድሮ ነው፣ ይጣራል» አለች። ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች ፎርማቸውን ይዘው ወጡ፣ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በራሴ መሥሪያ ቤት ሰው አቁሜ የምፈርም ሰው ነበርኩ እኮ! ለካ ባለጉዳይ መሆን እንደዚህ ነው አልኩ።

ዋናው ግን ገንዘቡ ነው። የማታ ክፍል አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ አለ አሉኝ። የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከከፈሉ ቅናሽ አለው አሉኝ፣ ከፈልኩ። ደረሰኙን ስቀበል «ክፍያ» ብቻ ይላል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በደረሰኝ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። «የምን ክፍያ? የማታ ፕሮግራም ብለሽ ጻፊበት» አልኳት ገንዘብ ያዧን። አጉረመረመች፣ ጨቀጨቅኳት፣ ጻፈችው። ማኅተም አስመታሁበት።

ትምህርት ሊጀመር ሲል ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የማታው ክፍል በቂ ተማሪ ስላልተገኘ ተሰርዟል፣ ተመዝጋቢዎች በቀን ይግቡ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። በቀን ይግቡ! ሥራዬንስ? ብሬን መልሱልኝ አልኩ። ያቺው ልጅ ፎርሙን ገልብጣ ከታች ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን በእስኪብርቶ ጫፍ አሳየችኝ። «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም። አላነበቡም?» ኃላፊውን ልየው ስል ስብሰባ ላይ ነው። በሌላ ቀን ስሄድ ወጣ ብሏል። ሌሎቹ የማታ ተመዝጋቢዎች ተስፋ ቆርጠው ትተውት ሄዱ። አንደኛዋማ ገንዘቡ እንዳይቀርባት ብላ ሥራዋን ለቅቃ በቀን ገባች። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እኔ ግን ደረሰኙን ኮፒ አድርጌ ደብዳቤ ጻፍኩ። ያልተሰጠኝ አገልግሎት የትኛው እንደሆነ፣ መቼና በስንት ቁጥር ደረሰኝ እንደከፈልኩ፣ እስከ መቼ መልስ እንደምጠብቅ። መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር አሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ኃላፊው ከስብሰባ ወጣ። ከመመዝገቢያው በቀር ብሬ ተመለሰ። «ማታ» የምትለው ያቺ ቃል ባትኖር ኖሮ ምን ይዤ እከራከር ነበር? እነሱ የናቁት ሽበት ነው ያን ወረቀት ያስጻፈው።

ስለዚህ አንቺ በአንዴ አትክፈዪ፣ ቅናሽ ቢሉሽም። የትምህርቱን ሰዓት በደረሰኙ ላይ ወይም በውል ላይ አስጽፊ። የፎርሙን ጀርባ እዚያው ቆመሽ አንብቢ፣ ሰልፉ ይጠብቅ።

4. ሌላ ቦታ በቅዳሜና እሑድ ጀመርኩ። ክፍል ውስጥ ስሜ «ማዘር» ሆነ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ኋላ ለመድኩት። መምህሬ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ነበረች፣ እኔ ግን እርስዎ እላት ነበር። ልጆቹ በቅድ ይበልጡኛል፣ እጃቸው ፈጣን ነው፣ ይሄን አልክድም። ሥራ ተቀብለው ዋጋ ሲናገሩ ግን የጨርቁንና የክሩን ደምረው፣ ትንሽ ጨምረው፣ ያበቃል። የራሳቸውን ሰዓት አይቆጥሩም። የመብራት፣ የኪራይ፣ የማሽን ጥገና የለም። እኔ የእያንዳንዱን ልብስ ወጪ በወረቀት አሰፍራለሁ። ዛሬ የራሴ የሥራ ቦታ አለኝ፤ እነዚያው ልጆች «ማዘር፣ ለዚህ ስንት ልበል?» እያሉ ይደውላሉ። ኩራት ካልሽው ኩራት ነው።

ስለ ማሞ ያልኩሽ ይሄን ነው፦ የድሮውን ችሎታ ሳይጥሉ መንገድ መቀየር። በልብስ ዓለምም አሜሪካዊቷን የልብስ ዲዛይነር ቬራ ዋንግን ተመልከቺ። የሙሽራ ልብስ ሱቋን በ1990 እ.ኤ.አ. ስትከፍት 40ዎቹ መግቢያ ላይ ነበረች። ከዚያ በፊት ግን ለረጅም ዓመታት የፋሽን መጽሔት አዘጋጅ ነበረች። የቱ ልብስ እንደሚያምር፣ ማን እንደሚገዛው ስታይ ኖራ ነው የገባችው። አንቺ 18 ዓመት ቢሮ ስትሠሪ ፋይል መያዝ፣ የተቆጣ ባለጉዳይ ማብረድ፣ በሰዓት መገኘት ተምረሻል። በሽተኛ ካርድ ላይ የተሰጠውን መድኃኒት በሰዓቱ በትክክል የሚመዘግብ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ ይሄንን ተናገሪ፣ «ልምድ የለኝም» ብለሽ አትጀምሪ።

ቁጥሩ ጠፋኝ፣ ይቅርታ። ሥራ መቼ ይለቀቃል? እኔ የለቀቅኩት ስፌቱ ለወራት ሳያቋርጥ የቤቱን ወጪ መሸፈን ከጀመረ በኋላ ነው። የግማሽ ዓመት ወጪ ደግሞ ለብቻው አስቀምጬ ነበር። በነርሲንግ ይሄ ይለያል፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ መስፋት እችላለሁ፤ አንቺ ሆስፒታል የሚሠራ የተግባር ልምምድ አለብሽ፣ እሱም በእነሱ ሰዓት እንጂ በአንቺ አይደለም። የሌሊት ተራም አለው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው የልምምዱ ሰዓት ነው። ክፍያውን ኋላ ትጠይቂያለሽ። ልምምዱ ሥራሽን የሚያስለቅቅሽ ከሆነ መቼ እንደሚጀምር ዛሬ እወቂ፣ እስከዚያው አጠራቅሚ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጡሽ እንደሆነም አለቃሽን በጊዜ አነጋግሪ።

ሌላው ጉልበት ነው። ነርስ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው፤ በሽተኛ ታነሳለች፣ ታገላብጣለች። በሙያው የወገብ ሕመም የተለመደ ነው። የምታውቂያት ነርስ ካለች አንድ ሙሉ ቀን ምን እንደምትሠራ ከጠዋት እስከ ማታ አስተርኪያት። የሚፈቅድ ክሊኒክ ካገኘሽ ቅዳሜን በበጎ ፈቃድ አገልግይ። ደም፣ ሽንትና ለቅሶ አይተሽ አሁንም ከፈለግሽው ምኞቱ እውነት ነው። ካስጠላሽም በነፃ አወቅሽው።

ቤተሰብ አበደች ማለቱን ደግሞ ብዙ አታክብጂው። የሚፈሩት ደመወዙ እንዳይቀር ነው፣ ፍርሃታቸውም ትክክል ነው። ስለ ህልምሽ አትስበኪያቸው፣ የወር ወጪውን በወረቀት ጽፈሽ ከየት እንደሚሸፈን አሳዪያቸው። የእኔ ባለቤት ያን ወረቀት ካየ በኋላ ነው ማሽኑን የት እናስቀምጠው ያለኝ። ሰባኪ አማቴ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም፣ ልብሷን እኔ ጋ እያሰፋችም።

የትምህርት ቤቱን ፎርምና የሰዓት ሰሌዳ ስትቀበዪ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ ላኪልኝ፣ የፊቱንም የጀርባውንም። ማየት እችላለሁ፣ መነጽሬ አለ። እስከዚያ ግን ምንም እንዳትከፍዪ።