«ሀብት» ወይስ «ክምችት»?

ጥያቄ፦ የማዕድን ኩባንያ አክሲዮን ለመግዛት አስቤ ሪፖርቶች እያነበብኩ ነው። አንዱ ተርጓሚ «የማዕድን ሀብት» ያለውን ሌላው «የማዕድን ክምችት» ይለዋል። ሁለቱ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ልዩነታቸው ደግሞ የገንዘብ ልዩነት ስለሆነ እንኳንም ጠየቁ።

የእህል ክምችት ሲባል የሚታየን ጎተራ የገባ፣ ዛሬ ቢፈለግ ዛሬ የሚዘገን እህል ነው። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ገና በጥቂት ጉድጓድ ናሙና የተገመተ ወርቅንም «ክምችት» ስንለው ጎተራ የገባ ይመስላል።

በሙያው ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። መሬት ውስጥ እንዳለ በናሙና የተገመተው ሀብት ይባል። ከዚያ ውስጥ ተቆፍሮና ተጣርቶ ቢሸጥ ወጪውን ሸፍኖ እንደሚያተርፍ በጥናት የታየው ብቻ ደግሞ ክምችት ይባል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

በቁጥር እንየው። 10 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ አለ፣ በእያንዳንዱ ቶን ውስጥ 2 ግራም ወርቅ አለ እንበል። 20 ቶን ወርቅ ማለት ነው። ማጣሪያው 90 በመቶውን ቢይዝ ለሽያጭ የሚደርሰው 18 ቶን ነው። የድንጋዩ ግማሽ በጣም ጥልቅ ቦታ ሆኖ የማውጫ ወጪው ከመሸጫ ዋጋው ከበለጠስ? ያ ግማሽ ከክምችት አይቆጠርም። 20ውን ቶን በገበያ ዋጋ አባዝቶ «ኩባንያው ይህን ያህል ያወጣል» የሚል ሰው ሳይ በጣም አዝናለሁ፣ ምክንያቱም ያሳሳተው ብዙ ጊዜ ቃሉ ነው።

አማርኛ ልዩነቱን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። «ማውጣት»ና «ማዋጣት» ሁለቱም የ«ወጣ» ግስ ልጆች ናቸው። ወርቁ ይወጣል ወይ? ይህ የመሐንዲሱ ጥያቄ ነው። ያዋጣል ወይ? ይህ የእርስዎ ነው። «የአዋጭነት ጥናት» የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው።

አንድ ልጨምር። «እንዳለው ይገመታል» የሚል ሐረግ ሲያጋጥምዎ ገማቹን ይፈልጉ፤ ይህ ግስ አድራጊውን ይደብቃል። ብሪ-ኤክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቡሳንግ ላይ ከ70 ሚሊዮን አውንስ (አንዱ 31 ግራም ገደማ ነው) በላይ ወርቅ አለኝ ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ናሙናው ላይ ወርቅ ተጨምሮበት እንደነበር ታወቀ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው ደንብ ግምቱ ብቁ የሆነ ባለሙያ በስሙ ኃላፊነት የሚወስድበት እንዲሆን አስገደደች። የሚያነቡት ትርጉም ያንን ስም ከጣለው ዋናውን ሪፖርት ይክፈቱ።