ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ ገባ ማለት ቮልቱ ተስማማ ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር የተላኩልኝ የፀጉር ማድረቂያና የምግብ መፍጫ ማሽን 120 ቮልት የሚል ተጽፎባቸዋል፤ የቤቴ መስመር ግን 230 ቮልት ነው። ስፒናውን ከሶኬቱ ጋር የሚያገጣጥም ማገናኛ ገዝቻለሁ። ይበቃኛል? አብሮ የመጣውን ላፕቶፕስ እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዕቃዎቹን ከመሰካትዎ በፊት በመጠየቅዎ ደስ ብሎናል። የገዙት ማገናኛ የስፒናውን ቅርጽ ከማስማማት በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ 230 ቮልቱ ሳይቀነስ በቀጥታ ወደ ዕቃው ይገባል። ሙቀት በሚሰጡ ዕቃዎች ላይ አደጋው ብዙ ሰው ከሚገምተው ይከፋል፤ ምክንያቱም ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ዕቃው የሚስበው ኃይል ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። በ120 ቮልት 1000 ዋት እንዲስብ የተሠራ ማድረቂያ 230 ቮልት ሲያገኝ ከ3600 ዋት በላይ ለመሳብ ስለሚሞክር፣ የማሞቂያ ሽቦው ወዲያው ሊቃጠል፣ ፕላስቲኩ ሊቀልጥ፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። በአንዳንድ ማድረቂያዎች እጀታ ላይ ቮልት መምረጫ ትንሽ ማዞሪያ ስላለ መጀመሪያ እርሱን ይፈልጉ። ከሌለው ግን ይህን ያህል ዋት የሚሸከም ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ከባድና ውድ ስለሆነ፣ ለ230 ቮልት የተሠራ ሌላ ማድረቂያ መግዛት የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

የላፕቶፑ ጉዳይ ቀላል ነው። በቻርጀሩ ላይ የግብዓቱ መጠን «100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ተብሎ ከተጻፈ በገዙት ማገናኛ ብቻ ያለ ስጋት ሊሰኩት ይችላሉ።

የምግብ መፍጫው ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ከተለመደው ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ኃይል ስለሚስብ፣ ትራንስፎርመሩ የሚሸከመው ዋት በማሽኑ ላይ ከተጻፈው እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ለመንገደኞች የሚሸጡት ቀላል የኤሌክትሮኒክ መቀነሻዎች ለሞተር አይሆኑምና አይጠቀሙባቸው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ትራንስፎርመር ቮልትን እንጂ ኸርዝን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይቀይርም። ጃፓንን ብንወስድ ቮልቱ በመላ አገሪቱ 100 ሆኖ ሳለ ምሥራቁ በ50፣ ምዕራቡ በ60 ኸርዝ ይሠራል። መፍጫዎች በአብዛኛው የካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተር ስላላቸው ይህ ልዩነት ብዙም አይጎዳቸውም፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ፍሪጅ ግን በ50 ኸርዝ ሲሠራ ሞተሩ በዝግታ ይዞራል፣ ከመጠን በላይም ይሞቃል።

ጥያቄ፦ በስህተት ከፍተኛ ቮልት ላይ የሰካሁት ራዲዮ ፊውዙ ተቃጥሎ ጠፋ። ፊውዙን ብቻ ቀይሬ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ፊውዙ ተቃጥሎ ሌላውን ክፍል አድኖት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የውስጥ ሽቦዎቹ መሸፈኛ ተጎድቶም ራዲዮው ደህና መስሎ ሊሠራ ስለሚችል፣ ባለሙያ ከፍቶ ሳያየው አይሰኩት። በፊውዙ ቦታ ከፍ ያለ አምፔር ያለው ፊውዝ ወይም ተራ ሽቦ ፈጽሞ አይተኩ።