ስጾም ሴሎቼ ኮሌስትሮል ከየት ያገኛሉ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሰሞኑን ተመርምሬ ኮሌስትሮልሽ ከፍ ብሏል ተባልኩና ደነገጥኩ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ደግሞ «እማዬ፣ ኮሌስትሮል እኮ በሴል ሽፋን ውስጥ ያለ ነገር ነው» ትለኛለች። ክፉ ከሆነ እዚያ ምን ይሠራል? ደግሞስ ሁዳዴን 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ሳልነካ ስጾም ሽፋኑ አይጎዳም?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት። የሴል ሽፋን ሁለት ረድፍ የስብ ሞለኪውሎች ጭራቸውን ወደ ውስጥ አዙረው የተደረደሩበት ስስ ነገር ነው። ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለ200 ሺህ ቢከፈል ማለት ነው። ኮሌስትሮል በጭራዎቹ መሃል ተሰክቶ ይቀመጣል፣ ብዛቱም ቀላል አይደለም።

ምን ይሠራል ላሉት እስቲ ወጥ ቤት ይግቡ። በእናንተ ብርድ ጠዋት ጠዋት ቅቤው ድርቅ ይላል፣ የኑግ ዘይቱ ግን ይፈሳል። የቅቤው ስብ ጭራ በአብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ ተጠጋግቶ ይረጋል፤ የኑጉ ጎበጥ ጎበጥ ስለሚል መጠጋጋት ያቅተዋል። ሽፋን ደግሞ እንደ ቅቤ ቢደርቅም እንደ ዘይት ቢላላም አይሆንለትም። ኮሌስትሮል አካሉ ግትር ነው፤ ሲሞቅ የሚወራጩትን ጭራዎች ደገፍ አድርጎ ይይዛቸዋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መሃላቸው ገብቶ እንዳይረጉ ያደርጋል። ያው አንዱ ሞለኪውል ሁለቱንም መሥራቱ እኔን ሁሌም ይገርመኛል። የእኛ ሰውነት 37 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቆይ ግን የደብረ ብርሃን ውርጭ ሴልዎን አያረጋውም፤ ለእኛ ዋናው ጥቅሙ ሽፋኑን ጠበቅ አድርጎ ውሃና ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደልብ እንዳያልፉ ማድረጉ ነው።

ፈንገስና ካላዛር የሚባለው በሽታ ተውሳክ በሽፋናቸው ውስጥ በኮሌስትሮል ፋንታ ኤርጎስቴሮል የሚባል ዘመዱን ይጠቀማሉ። በመተማና በሁመራ በኩል ለካላዛር ሕሙማን የሚሰጠው አምፎቴሪሲን ቢ የተባለ መድኃኒት የሚያጠቃው ይህንኑ ነው፤ የእኛን ኮሌስትሮል ያን ያህል አይዝም። ጨርሶ አይነካም ግን አይባልም፣ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪሞች ይከታተሉታል።

ወደ ጾምዎ ስመለስ፣ አይስጉ። ጉበትዎ ከሽሮውም ከእንጀራውም በሚያገኘው ጥሬ ዕቃ ኮሌስትሮል ይሠራል፣ ሌሎች ሴሎችም እንደዚያው። ከምግብ የሚገባው ሲቀንስ ሰውነት የራሱን ምርት ይጨምራል።

በምርመራው ከፍ አለ የተባለው ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ በደም ተጭኖ የሚዞረው ነው፤ በተለይ ኤልዲኤል የሚባለው ሲበዛ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ ያጠባል። ስለዚህ ሐኪምዎ ጋ መመላለስዎን አያቋርጡ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጾም ነው ተብሎ በፓልም ዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ በየቀኑ ከተበላ ኤልዲኤሉ አይወርድም። ፓልም እንደ ቅቤው የሚረጋ ስብ የበዛበት ነው፣ ብርድ ጠዋት ጀሪካኑን አይተውት የለ?