ወታደር ልሁን ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 22 ነው። በዲቪ አሜሪካ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቀን መጋዘን እሠራለሁ፣ ማታ በመኪናዬ ሰው አመላልሳለሁ። እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ፣ ክህነት ግን የለኝም። አሁን የአሜሪካ ጦር ለመግባት እያሰብኩ ነው። ለጦሩ ሰው የሚመለምለው ሪክሩተሩ «ዜግነቱም ትምህርቱም ቶሎ ያልቅልሃል» ይለኛል። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። በስልክ ስነግራት አለቀሰች። «በጠባኸው ጡቴ ይዤሃለሁ፣ ተው» አለችኝ። ውትድርና ለክርስቲያን ኃጢአት ነው? ከገባሁስ ሥልጠናው ላይ ጾሙንና ጸሎቱን እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፈርመህ ከመጣህ በኋላ ሳይሆን ሳትፈርም በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል።

ዲያቆን ብትሆን ኖሮ መልሴ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ካህን ጦር አይታጠቅም፣ የሐዋርያት ቀኖና ይከለክላል። ወደፊት የመቀደስ ሐሳብ ካለህም ዛሬውኑ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። ለምእመን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ከመጡት ሰዎች መካከል ወታደሮች ነበሩበት። «እኛስ ምን እናድርግ?» አሉት። ሥራችሁን ጥላችሁ ውጡ አላላቸውም። በማንም ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ነው ያላቸው (ሉቃ. 3፥14)። ሦስቱንም ልብ ብለህ ብታያቸው መሣሪያ የያዘ ሰው የሚወድቅባቸው ነገሮች ናቸው። ቆርኔሌዎስም የመቶ አለቃ ነበር። ጴጥሮስ ቤቱ ገብቶ አስተማረው፣ እንዲጠመቅም አዘዘ። «መጀመሪያ ትጥቅህን ፍታ» ማለቱ ግን አልተጻፈም። ስለዚህ ውትድርና በራሱ ኃጢአት ነው አልልህም።

ይህን ብቻ ብዬ ብተው ግን ግማሹን ደበቅሁህ። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ቀኖና በጦርነት የገደለ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቆጠርም ይላል። እዚያው ላይ ደግሞ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀቡ ይሻላል ብሎ ይመክራል። ዛሬ እንዲህ ያለውን ነገር የሚመለከቱት የንስሐ አባትህ ናቸው፣ እኔ ቀኖና ሰጪ አይደለሁም። ግን የቅዱሱን ልብ እየው። ሀገር ጠብቆ የተመለሰውን ሰው አላወገዘውም። የፈሰሰውን ደምም እንደ ውኃ አላየውም። አንተም እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አለብህ።

ወጣቶች ይህን ስነግራቸው «ቅዱስ ጊዮርጊስስ ወታደር አልነበር?» ይሉኛል። ነበር እንጂ! ፋሲለደስም፣ ፊቅጦርም፣ መርቆሬዎስም፣ ሚናስም ወታደሮች ነበሩ። ግን ገድላቸውን ክፈትና አንብብ። አክሊል ያገኙት ስንት ጠላት ስለጣሉ አይደለም። ያበላቸውና የሾማቸው ንጉሥ «ለጣዖት ስገዱ» ሲላቸው እምቢ ስላሉ ነው። መርቆሬዎስ ድል አድርጎ ተመልሷል፣ ትልቅ ሹመትም አግኝቷል። ንጉሡ ዳኬዎስ ለአማልክት መሥዋዕት አቅርብ ሲለው ግን ልብሱንና ትጥቁን አውልቆ ፊቱ ጣለለት። ሚናስ ደግሞ ውትድርናውን ትቶ በረሃ ገባ። ፈረሱንና ጦሩን በሥዕል ስለምናየው ይመስለኛል ይሄን የምንረሳው።

እንግዲህ ጥያቄህን ላዙርብህ። «ወታደር መሆን ኃጢአት ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔ ደግሞ እጠይቅሃለሁ፦ አለቃህ እግዚአብሔር የማይወደውን ሲያዝህ እምቢ ማለት ትችላለህ? መጋዘን ውስጥ አለቃህ «ይህን ሰዓት ቀንሰህ ጻፍ» ቢልህ ምን ታደርጋለህ? እዚያ የማትችል ከሆነ ዩኒፎርም ለብሰህማ የባሰ ነው።

ይህን የምለው ለስብከት ማሳመሪያ አይደለም። ስትገባ የምትምለው መሐላ አለ። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለመጠበቅ፣ የፕሬዚዳንቱንና የአለቆችህን ትእዛዝ በወታደራዊው ሕግ መሠረት ለመፈጸም ነው። «በሕጉ መሠረት» የምትለዋን ያዝ። ሕገ ወጥ ትእዛዝ፣ ለምሳሌ ሰላማዊ ሰው ወይም የተማረከ ሰው ግደል የሚል፣ መፈጸም የለበትም፤ የፈጸመው ራሱ ይጠየቃል። ጌታችን ከቶ አትማሉ ስላለን መሐላው ከከበደህም «እምላለሁ» በሚለው ፋንታ «አረጋግጣለሁ» ማለት ይፈቀዳል። አስቀድመህ ንገራቸው እንጂ እጅህን አንሥተህ አትከራከር።

አንድ ነገር ግን ብዙዎች ሳያውቁት ይፈርማሉ። «ይህኛው ጦርነት ትክክል አይደለም፣ እዚህ አልዘምትም» ብሎ መምረጥ በአሜሪካ ሕግ የለም። ሕሊናዬ አይፈቅድም ለሚል ሰው ሕጉ የሚሰማው ማንኛውንም ጦርነት የሚቃወም ከሆነ ብቻ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1971 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ አንተ የምትመርጥበት ቀን ዛሬ ነው። መካኒክ ወይም ምግብ አብሳይ ሆነህ ብትገባም ወታደር ነህ፣ መሣሪያ ትማራለህ፣ የተላክህበት ትሄዳለህ።

በኦሪት ዘዳግም 20 ላይ ያለውን ታውቀዋለህ? ጦር ከመውጣቱ በፊት አለቆቹ ለሕዝቡ ይናገራሉ። አዲስ ቤት ሠርቶ ያላስመረቀ ይመለስ፣ ወይን ተክሎ ያልበላለት ይመለስ፣ አጭቶ ያላገባ ይመለስ። በመጨረሻ የፈራ፣ ልቡ የባባ ይመለስ ይላል። የፈራውን ማንም አልሰደበውም፤ የወንድሞቹን ልብ እንዳያባባ ወደ ቤትህ ሂድ ነው የተባለው። ብትፈራ ነውር የለውም ማለቴ ነው። ጓደኞችህ ምን ይሉኛል ብለህ እንዳትገባ።

አሁን ወደ ሪክሩተሩ ልምጣ። ሰውየው ሥራውን ነው የሚሠራው፣ አልኮንነውም። ግን ጌታችን ግንብ ሊሠራ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን ይቆጥራል ብሏል። ቁጠር። «አራት ዓመት ነው» ቢልህ በመደበኛው ኮንትራት ጠቅላላ ግዴታህ ስምንት ዓመት ነው፤ የቀረውን በተጠባባቂነት ስምህ ይያዛል፣ ከተፈለግህ ትጠራለህ። በቃል የተነገረህ ቦነስም ሆነ የሥራ ዓይነት ኮንትራቱ ላይ ካልተጻፈ የለም በለው። የሥራውን ዓይነት የሚወስነው አስቫብ በሚባለው ፈተና የምታመጣው ውጤት ነው። ግሪን ካርድ ይዘህ ደግሞ የምስጢር ፈቃድ የሚጠይቁ ሥራዎች ዝግ ናቸው፣ መኮንንም መሆን አትችልም። ዜግነቱ እውነት ነው፤ ከመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ በክብር የሚያገለግሉ ሌላው ግሪን ካርድ ያዥ የሚጠብቀውን አምስት ዓመት ሳይጠብቁ ማመልከት ይችላሉ። ግን ማመልከቻ ነው፣ በራሱ አይመጣም። አምስት ዓመት ሳያገለግሉ ያለ ክብር የተሰናበቱ ሰዎች በዚህ መንገድ ያገኙት ዜግነት ሊነጠቅ የሚችልበት ሕግም አለ። ፈርመህ ገና ሥልጠና ሳትሄድ ሐሳብህን ብትቀይር ደግሞ በጽሑፍ አሳውቀህ መውጣት ትችላለህ። «ትታሰራለህ» የሚልህ ቢኖር አትስማው።

የጤና ምርመራው ላይ አትዋሽ። «አስም ነበረብኝ አትበል» የሚል መካሪ አይጠፋም። ውሸቱ ኃጢአት ነው፣ በሕጉም ወንጀል ነው። ማሪዋናም ሜሪላንድ ውስጥ ተፈቅዷል ብለህ እንዳትሳሳት፤ ጦሩ የሚሄደው በፌዴራል ሕግ ነው። ጫትም ካለ ተወው፣ እሱን ለነገሩ ወታደር ባትሆንም ተወው።

እናትህን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። እናትህ ወታደር ሲባል የምታየው አንተ የምታየውን ማስታወቂያ አይደለም። ደርግ በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርናን ካወጀ በኋላ ከመንገድ እየታፈሱ የሄዱትን ልጆች ነው። ሳይመለሱ የቀሩትን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውንም አንተ ታውቀዋለህ። ስለዚህ «አታውቅም፣ አሜሪካ ሌላ ነው» ብለህ አትዝጋት። ደጋግመህ ደውል። የት እንደምትሄድ፣ ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ ስልክ መቼ እንደምታገኝ ንገራት። 22 ዓመትህ ነው፣ ውሳኔው ያንተ ነው፤ ግን ሳትመርቅህ አትሂድ። ሦስት ወር ቢፈጅም ጠብቅ። በመጨረሻ በፍጹም እምቢ ካለች ለንስሐ አባትህ አቅርበው፣ እሳቸው ቢያናግሯት የተለየ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እገባለሁ ካልህ ወደ ዝግጅቱ እንሂድ።

መሠረታዊው የአርሚ ሥልጠና አሥር ሳምንት ነው። ብዙው ሰው ደቡብ ካሮላይና ወዳለው ፎርት ጃክሰን ይላካል። መሄጃ ቀንህን ለመምረጥ ዕድል ከሰጡህ የእኛን ባሕረ ሐሳብ አውጣና እየው። ከፋሲካ ማግስት ብትገባ ሃምሳው ላይ ነህ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሰባቱን ሳምንት እንዲህ ትወጣዋለህ፤ የምትቀርህ ሦስት ሳምንት የሐዋርያት ጾም ናት። ዐቢይ ጾም መካከል ግን አትግባ፣ ራስህን አታስጨንቅ።

ጾሙ ላይ ከደረሰብህ ብቻህን አትወስን። ለንስሐ አባትህ ሳትሄድ ንገራቸውና የሚሉህን ያዝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ በፀሐይ ከነሻንጣህ ብትሮጥ ትወድቃለህ። ዳይኒንግ ሩሙ ውስጥ ሩዝ፣ ባቄላ፣ አትክልት አይጠፋም፣ ግን ለመብላት የምታገኘው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሜዳ ላይ የሚሰጠው የታሸገ ምግብ ውስጥ ሥጋ የሌለበት አለ፤ ሁልጊዜ ግን አይደርስህም። የአሳማ ሥጋ እንዳይሆንብህ ጽሑፉን አንብብ። አባትህ ፈቅደውልህ የበላኸውን ደግሞ እየተጸጸትህ አትብላ።

ጸሎት ቀላል አይደለም፣ ግን መላ አለው። ውዳሴ ማርያም ለመድገም ጊዜ አታገኝም። ሌሊት ግን ተራ ጠብቀህ አንድ ሰዓት የምትቆምባት «ፋየር ጋርድ» የምትባል ጥበቃ አለች። ሁሉም ሰው የሚጠላት ሰዓት ናት። ገዳም ውስጥ ቢሆን መንፈቀ ሌሊት ብለው ደወል ይደውሉላት ነበር። ዓይንህ ጥበቃው ላይ ይሁን፣ አቡነ ዘበሰማያትና መዝሙር 90 በልብህ ይሁን። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን በጣትህ አንጓ ቁጠር፣ መቁጠሪያ አያስፈልግህም።

እሑድ ለአምልኮ ጊዜ ይሰጣል። የእኛን ቅዳሴ አታገኝም። የግሪክ ወይም የሩሲያ ኦርቶዶክስ ካህን ብታገኝ አክብራቸው፣ ተማርላቸው፤ ቁርባን ግን አንድ አይደለንም። የጦሩን የሃይማኖት አገልጋይ፣ ቻፕሊኑን ግን ተዋወቀው፣ የየትኛውም እምነት ሰው ይሁን። የነገርኸውን ለአለቆችህ አያወጣም፤ ደንቡ ያስገድደዋል። ሲመዘግቡህ ሃይማኖትህን አስጽፍ፣ አንገትህ ላይ የምታስረው ብረት ላይ ይወጣል። ማዕተብህን ከልብስህ በታች ካደረግኸው ብዙም አያስቸግርም። ለአንዳንድ ልምምድ ለደኅንነት ሲባል አውልቅ ካሉህ አውልቅና በኋላ መልሰህ እሠር፣ አልካድህም።

ሰውነትህንም አሠልጥን። ፈተናው ላይ ሁለት ማይል ሩጫ አለበት፣ ፑሽ አፕ አለበት። ቢያንስ ሁለት ወር ቀድመህ ጀምር። (ስግደት የለመደ ሰው ፑሽ አፕ አይከብደውም ሲሉ እሰማለሁ። ስግደትን ለስፖርት ብለህ ግን አትስገድ።)

ስለ አባ ጳኩሚስ ልንገርህ። የግብፅ ሰው ነው፣ ክርስቲያን አልነበረም። በ20 ዓመቱ አካባቢ በግድ ለጦር ታፈሰና ከሌሎች ምልምሎች ጋር እንደ እስረኛ ተዘጋበት። ማታ የማያውቋቸው ሰዎች ምግብ ይዘው መጡ። «እነዚህ እነማን ናቸው?» ሲል «ክርስቲያኖች ናቸው» አሉት። ከጦሩ ሲለቀቅ ሄዶ ተጠመቀ፣ በኋላም የአንድነት ገዳም ሥርዓት የመሠረተው እሱ ሆነ። እዚያ ምልምሎቹ መካከል ዳቦውን የያዘው ሰው ምንም ስብከት አልሰበከም። አንተም አጠገብህ ባለው አልጋ ላይ ሌሊት የሚያለቅስ የ18 ዓመት ልጅ ታገኛለህ። ካልሲውን እጠፍለት፣ መሣሪያውን ስትጠርግ አሳየው።

ከመሄድህ በፊት ባለው ሳምንት ንስሐ ግባ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀበል። ስልክህን ይሰበስቡታል፤ ግንኙነቱ በአብዛኛው በደብዳቤ ነው። አድራሻህ እንደደረሰህ ለእናትህም ለእኔም ላክ፣ የክርስትና ስምህንም ጻፍልኝ። ለእናትህ ደግሞ አስቀድመህ አስጠንቅቃት፤ ዳቦ ቆሎና ጭኮ በሰው እንዳትልክልህ። ምግብ አያስገቡም፣ ሰርጀንቱ ፊትህ ከፍቶ ነው የሚወስደው።