«ኦልዞው» ካልሽ «በት»ን ተዪው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እንግሊዝኛ ላይ «በት»፣ «ኦልዞው»፣ «ዲስፓይት»፣ «ሃውኤቨር» እና «ዌርአዝ» አንድ ላይ ለምርጫ ሲቀርቡ ይምታቱብኛል። ሁሉንም «ግን» ወይም «ቢሆንም» ብዬ ነው የያዝኳቸው። በምን ልለያቸው? እህታችሁ፣ ከፍኖተ ሰላም።

መልስ፦ እህቴ፣ ትርጉሙን መያዝሽ ጥሩ ነው፤ ፈተናው ላይ ግን እሱ ብቻ አያዋጣሽም። መጀመሪያ ከባዶው ቦታ ቀጥሎ ያለውን እዪ። ባለቤትና ግስ ያለው ሐሳብ ከመጣ «ኦልዞው» ነው። ስም ብቻ ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ቃል ከመጣ «ዲስፓይት»።

ሐምሌ ላይ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስለሚሄድ አውቶቡስ ጻፊ ተባልሽ እንበል። «ኦልዞው ኢት ሬይንድ ሄቪሊ፣ ዘ በስ አራይቭድ ኦን ታይም» ትያለሽ። በሌላው ደግሞ «ዲስፓይት ዘ ሄቪ ሬይን፣ ዘ በስ አራይቭድ ኦን ታይም»። «ኢት ሬይንድ» ውስጥ ግስ አለ፣ «ዘ ሄቪ ሬይን» ውስጥ የለም፤ በቃ ልዩነቱ ይኸው ነው። «ዲስፓይት ኦፍ» የሚባል ነገርም የለም፣ «ኦፍ» የሚመጣው «ኢን ስፓይት» ስትዪ ነው።

እኛን በብዛት የሚያሳስተን ግን ሌላ ነው። በአማርኛ «ምንም እንኳ ዝናቡ ቢከብድም አውቶቡሱ ግን በሰዓቱ ደረሰ» ብንል ማንም አያርመንም፣ እንዲያውም ያምራል፤ ይህንኑ ልማድ ይዘን እንግሊዝኛው ውስጥ ስንገባ በ«ኦልዞው» የጀመርነው ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ «በት» እንጨምራለን። እዚያ ስህተት ነው። አንዱን ምረጪ፣ ሌላውን ተዪው። ይህን አደራ።

«ሃውኤቨር» ላይ ሥርዓተ ነጥቡን እዪ። ፊተኛውን ዓረፍተ ነገር በነጥብ ወይም በሰሚኮሎን ዝጊና «ሃውኤቨር» ብለሽ ኮማ አድርጊ። በኮማ ብቻ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማያያዝ የ«በት» ሥራ ነው።

«ዌርአዝ» ሁለት ነገር ጎን ለጎን ለማወዳደር ነው። «ባሕር ዳር ኢዝ ዋርም፣ ዌርአዝ ደብረ ማርቆስ ኢዝ ኩል» ብትዪ ያስኬዳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸውና አንዱ ቢሞቅ አንዱ ቢቀዘቅዝ የሚያስገርም የለውም። «ኦልዞው» ግን ያልተጠበቀ ነገር ሲሆን ነው፤ ዝናቡ እያለ አውቶቡሱ በሰዓቱ መድረሱ ያልተጠበቀ ነው። ሁለቱም ሰዋስዉን የሚያስኬዱ ከመሰለሽ በዚህ ለዪ።

አሁን «ኦልዞው ዘ ሮድ ዋዝ ባድ» የሚለውን በ«ዲስፓይት» ለውጪው። «ዲስፓይት ዘ ባድ ሮድ» ካልሽ ገብቶሻል።