እጅ መሳል ለምትፈሩ ልጆች

ሰሞኑን ሐይቁ ዳር ከሚስሉ ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ሥራቸውን ሳይ ሳቄ መጣ፣ የሳሏቸው ሰዎች በሙሉ ወይ እጃቸውን ኪስ ከተዋል ወይ ጋቢ ውስጥ ደብቀዋል። አውቃታለሁ ይቺን ዘዴ፣ እኔም ኖሬባታለሁ። ሀዋሳ ውስጥ ሠላሳ ምናምን ዓመት ታፔላ እየጻፍኩ፣ ጉርድ ፎቶ እያየሁ የሰው መልክ እየሳልኩ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ፣ ዲግሪ የለውም ብላችሁ ካልናቃችሁኝ ትንሽ ላውራችሁ።

ስለ ሠዓሊው ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ስትጠየቁ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወት ሥዕል፣ 150 ካሬ ሜትር፣ ትሉና አለቀ። እሳቸው ግን አንኮበር በ1925 ዓ.ም. ተወልደው ገና በ15 ዓመታቸው እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ተምረው እንዲመጡ ነበር፣ እዛ ሄደው ወደ ሥዕል ዞሩና ለንደን ስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤት ድረስ ገቡ (አካውንቲንግ ካልተማርክ እየተባልክ ያለኸው ልጅ፣ ብቻህን አይደለህም)። ሲመለሱ ሹመት ውሰዱ ቢባሉ እምቢ ብለው ክፍለ ሀገር ለክፍለ ሀገር ዞሩ፣ ሰው ሊያዩ። ከዛ በፈረንጆቹ 1954 አዲስ አበባ ላይ ኤግዚቢሽን አሳይተው ባገኙት ብር አውሮፓ ተመልሰው የባለቀለም መስታወት አሠራር ተማሩ፣ በዛውም ለንደን፣ ፓሪስና ቫቲካን ያሉትን የኛን የብራና ሥዕሎች አጠኑ። ደግሞ ቴምብር ሠርተዋል፣ ፖስተር ሠርተዋል፣ የመጫወቻ ካርታ ሳይቀር። "ሎጎ አልሠራም፣ አርቲስት ነኝ" ያልሽኝ ልጅ እዚህ ጋ ደግመሽ አንብቢ።

ሰው ሊያዩ ዞሩ ያልኩት ለኔ የገባኝ ተዋርጄ ነው። አንዲት ልጅ የሟች አባቷን ጉርድ ፎቶ አምጥታ በትልቁ ሳልልኝ አለች። ጉርድ ፎቶ ላይ እጅ የለም፣ እኔ ደግሞ ወንበር ላይ አስቀምጬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ላሳርፍ ፈለግኩ፣ ስለዚህ የራሴን እጅ እያየሁ ሳልኩላቸው። ስትመጣ ፊታቸውን አይታ እንባዋ መጣ፣ እኔም ልቤ አበጠ፣ ከዛ ዓይኗ ወደ ታች ወረደና ዝም አለች። "ጋሼ፣ ይሄ የአባባ እጅ አይደለም።" ለካ ሰውየው የአይሱዙ ሹፌር ነበሩ፣ ግራ ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው ሲነዱ ኖረው ከቀኙ ይልቅ ጠቁሮ ነበር፣ አውራ ጣታቸውም ጎበጥ ያለ። ይሄንን ፎቶው አይነግርህም፣ እኔ ደግሞ አልጠየቅኩም። ሻይ አዝዤላት ግማሽ ቀን ስለ እጃቸው አስወራኋትና እንደገና ሳልኩ፣ ቀሪውን ብር አልተቀበልኳትም (ባለቤቴ ይሄን ስትሰማ ምን እንዳለች አልጽፍም)።

የአፍሪካ አዳራሹን መስታወት ያየሁት ከዛ በኋላ ነው፣ በሰው በሰው ገብቼ። አብረውኝ የገቡት ቀና ብለው ስለ ቀለሙ ሲያወሩ እኔ እጅ እጁን ስፈልግ ጥለውኝ ወጡ። ሎሬት በ2004 ሚያዝያ ላይ ማረፋቸውን በሬዲዮ ስሰማ ደግሞ መሰላል ላይ ሆኜ የፋርማሲ ታፔላ እየጻፍኩ ነበር፣ ወርጄ ቁጭ አልኩ፣ የፋርማሲው ባለቤት አሞኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

አሁን ስልካችሁ ላይ ቃል ስትጽፉለት ሥዕል የሚያወጣ ነገር መጥቷል፣ አልጣላውም፣ እሱም መጀመሪያ ላይ እጅ አቅቶት ስድስት ጣት ሲያወጣ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ ነኝ። ከዓሣው ፊሌቶ (አጥንት የሌለውን ሥጋ) የሚያወጡት ልጆች ቢላዋውን ሲይዙ አውራ ጣታቸው የት እንደሚያርፍ ዓይታችሁ ታውቃላችሁ? ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ፣ አባ ኮዳዎቹን፣ እነዛን ትልልቅ ወፎች፣ ብቻ ጠጋ አትበሏቸው።