ቤቱን በሲሚንቶ እንለስነው ወይስ እንተወው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ከደሴ ነው ምጽፍላችሁ። እዚህ ከተማችን አንድ የድሮ የመኳንንት ቤት አለ፣ ሚያስተዳድረው መንግስት ነው፣ እኛ የሰፈር ልጆች ደሞ ሃያ ምናምን ሆነን ቤቱን እንርዳ ብለን ግሩፕ መሰረትን። መጀመሪያ ሁለት ቅዳሜ ግቢውን ጠርገን ሳሩን አጭደን ፎቶ ተነሳን፣ ከዛ ሰው መቅረት ጀመረ፣ አሁን ምንመጣው ሰባት ብቻ ነን። አንዱ ጓደኛችን ደሞ የጭቃው ግድግዳ ተሰነጣጥቋል ሲሚንቶ ገዝተን እንለስነው ቀለምም እንቀባው ብሎ ብር ተዋጥቷል። እኔ ልቤ እሺ አላለኝም ግን ለምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። ምን ትሉኛላችሁ? (ሐ. ከሆጤ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ ልክ ነው፣ ሲሚንቶውን ተዉት። ይሄን ምልሽ በራሴ ቤት ስላየሁት ነው። ኮምቦልቻ ያለውን የአያቴን የጭቃ ቤት አጎቶቼ አሳመርነው ብለው ዙሪያውን በሲሚንቶ ለሰኑት፣ አንድ ዓመት አማረ፣ በሁለተኛው ክረምት ግን ልስኑ ጭቃውን ይዞ እንደ ቅርፊት ወረደ፣ ከስር ያለው ማገር በእጅ ሲነካ ይፈረፈር ነበር። ጭቃ እርጥበት ያስገባል መልሶም ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን ከጣሪያና ከመሬት የገባውን ውሃ መውጫ ያሳጣዋል፣ ውሃው ደሞ ሌላ መሄጃ ሲያጣ እንጨቱን ይበላዋል። ላዩ ደህና ስለሚመስል ሰው ሚያውቀው ካለቀ በኋላ ነው፣ እሱ ነው ሚያናድደኝ። የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ሚጠገነው ከጭድ ጋር ተቦክቶ በቆየ ጭቃ ነው፣ እሱንም ቢሆን እናንተ በራሳችሁ አትጀምሩት። ቅርስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሰረት ያለ ቅርስ ባለስልጣኑ ፈቃድ ጥገና አይነካም፣ ስለዚ ለጓደኛሽ ህጉም ጭቃውም እምቢ ብለዋል በይው።

ታዲያ ምን እንስራ ትይኛለሽ፣ ስራማ ሞልቷል! የደሴን ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ የድሮ ቤት ዋና ጠላት ውሃ ነው። ሰኔ ሳይገባ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ እንደሆነ ባለሙያ ይዛችሁ እዩት፣ ከግድግዳው ስር ውሃ ሚቋጥር ቦታ ካለ ቦይ ቀዳችሁ አርቁት፣ ቤቱን ተጠግቶ ሚበቅል ባህር ዛፍ ካለ ለኃላፊዎቹ ንገሩ። ከናንተ አንድ ሰው ደሞ ስንጥቁን በየወሩ ከአንድ ቦታ ቆሞ ፎቶ ያንሳው፣ አጠገቡ ሳንቲም ያስቀምጥና ቀኑን ይጻፍ፣ ስንጥቁ እየሰፋ ይሁን ባለበት ይሁን ይታወቃል፣ አንድ ቀን ጠጋኞች ሲመጡ መጀመሪያ ሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ሁለተኛው ነገር እቃውና ወሬው ነው። የደሴ ሙዚየምን አስቢው፣ እሱ ራሱ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው፣ በ2014ቱ ጦርነት ግን ተዘረፈ፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። እቃ አንዴ ከሄደ ምን እንደነበረ ሚያሳይ ፎቶና ልኬት ከሌለ የኛ ነው ብሎ መጠየቅ ራሱ ከባድ ነው። ስለዚ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ እያንዳንዱን እቃ ፎቶ አንሱ፣ ለኩ፣ ማን እንደሰጠው ጻፉ፣ ቅጂውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ብርና ነሃስ ካለ ግን አብለጭልጩ ብላችሁ በአሸዋ እንዳትፈትጉ።

ሽማግሌዎቹ ጋም ሂዱ፣ ቡና ይፈላ፣ በረካው እስኪደርስ ቁጭ በሉ፣ ታሪክ ንገሩን ብላችሁ አትጀምሩ ግን፣ እንደሱ ከተባለ ሁሉም ራስ እከሌ ደጃች እከሌ እያለ ነው ሚቀጥለው። በየትኛው በር ነበር ምትገቡት፣ ማድ ቤቱ የት ነበር፣ ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር በሉ፣ ያኔ ቤቱ ራሱ ያወራል። ድምጽ ለመቅረጽ ስልክ ከመክፈታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

ሰው ቀረ ላልሽው፣ ሰባት ሰው አይናቅም፣ ግን በተራ ይሁን። ቅሬ (የኛ የወሎዎቹ እድር) እኮ ሚቆመው ሁሉም ተራውን ስለሚያውቅና የቀረ ስለሚቀጣ ነው፣ እናንተም እንደዛው፣ አንዱ ግቢ፣ አንዱ ፎቶ፣ አንዱ እንግዳ ማስጎብኘት ይዞ በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ ይምጣ። ማስጎብኘቱን ለተማሪዎች ጀምሩት፣ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ክፍል አጥንታችሁ። ንጉስ ሚካኤል አዳራሻቸው አይጠየፍ የተባለው ድሃውም ሃብታሙም ሳይናናቅ ሚበላበት ስለነበር ነው ይባላል፣ እናንተ ጋም ሊስትሮው ልጅ ገብቶ ይይ፣ ማንም በር ላይ አይመለስ።

ብሩን በተመለከተ ደሞ ላዋጡት ሰዎች ተሰብሰቡና ንገሯቸው፣ እሺ ካሉ መሰላል፣ አካፋና ጓንት ይገዛበት፣ ደረሰኙን ግሩፑ ላይ ለጥፉት። ሲሚንቶው ተገዝቶ ከሆነ ከረጢቱ ሳይከፈት ዛሬውኑ ለባለሱቁ መልሱለት።